ዝናብና ንፋስ የባቡሩን መስመር ሲጎዳ፦ ከፉሪ ለቡ የሚነሡ መንገደኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በበልግም ሆነ በክረምት ወደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ ለመሄድ ሻንጣቸውን ይዘው ፉሪ ለቡ ጣቢያ የደረሱ መንገደኞች «መስመሩ ተጎድቷል» ሲባሉ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል።

መስመሩ ተጎድቷል ከተባለ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

«ጉዳቱ ከአዳማ ወዲህ ነው ወይስ ከአዳማ ወዲያ?» ብለው ይጠይቁ። «ስንት ሰዓት እንነሣለን?» ከሚለው ይህኛው ይቅደም። ሰዓቱን ገና ማንም ላያውቀው ይችላል፤ ቦታው ግን ባቡሩ እንዲቆም ሲወሰን ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከሰበታ ተነሥቶ በፉሪ ለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ የሚገባው ወደ 115 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ተዘርግቶለታል። አንዱ ሲጎዳ ባቡሩ በሌላው የማለፍ ዕድል አለው። ከአዳማ ወዲያ፣ መተሐራን፣ አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ እስከ ድሬዳዋና ጅቡቲ ያለው ግን አንድ ሐዲድ ብቻ ነው፤ ባቡሮች የሚተላለፉትም ተለዋጭ ሐዲድ ባለባቸው ጣቢያዎች ነው። እዚያ 20 ሜትር ሐዲድ ከተበላሸ ከወዲህም ከወዲያም ያለው ሁሉ ይቆማል።

ስለዚህ ጉዳቱ ከአዳማ ወዲህ ከሆነ ውሃና ምግብ ይዘው መጠበቅ ያዋጣል። ከአዳማ ወዲያ ከሆነ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ማደሪያና ስለ ቲኬትዎ ወዲያውኑ መጠየቅ ይጀምሩ። ወረፋው ሳይረዝም የጠየቀ ሰው ቀኑን ያተርፋል።

አውቶቡስ መንገድ ሲዘጋበት በሌላ ይዞራል። ባቡሩ ለምን ዞሮ አይሄድም?

የሚዞርበት ሐዲድ ስለሌለው ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር አንድ ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ወይም ራቅ ብሎ ዞሮ የሚገናኘው ሌላ መስመር የለም። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ አቅጣጫ የተሠራው መስመር ወደ ሰሜን የሚወጣ እንጂ ድሬዳዋ የሚያደርስ አይደለም።

በሌላ አገር ግን የረጅም ርቀት ባቡር በሌላ መስመር ሲዞር ይታያል። በአሜሪካ ከቺካጎ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ወዳለችው ኤመሪቪል የሚሄደው ካሊፎርኒያ ዜፊር የኮሎራዶ ተራራ መስመር ሲዘጋበት ከዴንቨር ወደ ሰሜን ታጥፎ በዋዮሚንግ በኩል ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው በዋዮሚንግ በኩል ስፋቱ አንድ የሆነ ሌላ ሐዲድ ስላለ ነው። ለዚያም ቢሆን የመስመሩ ባለቤት ፈቃድና ክፍት ሰዓት ያስፈልጋል። አሽከርካሪው መስመሩን ካላወቀውም ኩርባውን፣ ቁልቁለቱንና ምልክቱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይሳፈራል። ባቡሩ ሲዞር ደግሞ የሚዘላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ በእነዚያ የሚወርዱና የሚሳፈሩ መንገደኞች ሌላ መጓጓዣ ሊፈለግላቸው ይገባል።

የእኛ ባቡር ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለው። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ሐዲድ ቢገኝ እንኳ በላዩ 25 ኪሎ ቮልት የሚሰጥ ሽቦ ከሌለ አይንቀሳቀስም። ያኔ በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ መጥቶ መጎተት ይኖርበታል።

የድሮው ሐዲድስ?

አይሆንም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአሁኑ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር። የአዲሱ ባቡር ጎማ በድሮው ሐዲድ ላይ አይቀመጥም። የድሮው መነሻ ለገሀር እንደነበረ የሚያስታውሱ መንገደኞች አሁንም በስህተት ወደዚያ ይሄዳሉ፤ የአሁኑ መነሻ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው።

ከለቡ እስከ አዳማ ሁለት ሐዲድ ካለ ለምን ሰዓታት እንጠብቃለን?

ባቡር ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገረው መቀያየሪያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ጣቢያ ነው። ጉዳቱ በእንዶዴና በቢሾፍቱ መካከል ቢሆን የእርስዎ ባቡር እንዶዴ ላይ ተሻግሮ እስከ ቢሾፍቱ በሌላው ሐዲድ ይሄዳል። በዚያው ሐዲድ ከፊት ለፊት የሚመጣው ባቡር፣ የጭነቱም ጭምር፣ ቢሾፍቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የእርስዎ ሲያልፍ የእሱ ተራ ይሆናል። ወረፋው ረዘመ ማለት የተቆጣጣሪው ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ሁለቱ ሐዲዶች በአንድ የአፈር ድልድል ላይ የተቀመጡ መሆናቸውም መረሳት የለበትም። ጎርፉ ድልድሉን ከጎን ከቆረጠው የተጎዳ የማይመስለው ሐዲድም እስኪፈተሽ ድረስ ይዘጋል። ከአቃቂ እስከ ሞጆ በሰፊው ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው በዚህ አካባቢ ፍተሻው የማይዘለለው።

ምን ዓይነት ጉዳት ነው ቶሎ የሚጠገነው? የትኛውስ ነው የሚያዘገየው?

ቶሎ የሚጠገነው ሽቦው ላይ ዕቃ ሲጠመጠም ነው። በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ውሽንፍር ከጅምር ቤት ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ከእርሻ ላስቲክ ይገነጥላል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ከእነዚህ አንዱ ሽቦው ላይ ካረፈ ኤሌክትሪኩ ራሱን ያጠፋል። ቆርቆሮውን ማውረዱ 10 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው። በዚያ ክፍል ያለው ኤሌክትሪክ መጥፋቱ በስልክ ይረጋገጣል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ሽቦው በሁለቱም ጎን ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ ሠራተኛው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨርስም ያሰረውን ሁሉ ፈትቶ፣ ሰው አለመቅረቱን ቆጥሮ ነው ኤሌክትሪኩ የሚለቀቀው። ከዚህ ቅደም ተከተል አንዱ እንኳ አይዘለልም፤ መዘለልም የለበትም። መብረቅ ኢንሱሌተሩን፣ በተለምዶ ስኒ የሚባለውን፣ ከሰነጠቀው ወይም ሽቦው ራሱ ከተበጠሰ ግን ሥራው ይከብዳል። የተበጠሰው ሽቦ እንደገና ይወጠራል፣ ቁመቱም ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ የሎኮሞቲቩ ፓንቶግራፍ፣ ከጣሪያው ወጥቶ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ፣ ይዞ ይቀዳድደዋል።

የሚያዘገየው ጎርፍ ከሥር ሲበላ ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው፦ ከሐዲዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ በደለል፣ በቅርንጫፍና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይደፈናል። ውሃው በአንድ ጎን እንደ ኩሬ ይጠራቀምና ሲሞላ በላይ ይፈስሳል። መጀመሪያ ጠጠሩን ያጥባል፣ ቀጥሎ አፈሩን ይሸረሽራል። ውሃው ሲጎድል ሐዲዱ ከኮንክሪት አግዳሚዎቹ ጋር እንደ መሰላል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ከሩቅ ላየው ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ሐዲዱ ስላልተበጠሰም የምልክት መብራቱ አደጋውን ላያሳውቅ ይችላል። ለዚህ ነው ከከባድ ዝናብ በኋላ ሰው በእግሩ እየሄደ የሚያየው።

ጥገናው የሚጀምረው ከቱቦው ነው። እሱ ሳይጠረግ ከላይ ቢሞላ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ቦታ ይታጠባል። ከዚያ ጉድጓዱ በድንጋይና በደህና አፈር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተሞላ፣ እያንዳንዱ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ተገልብጦ የተሞላ አፈር ባቡር ሲያልፍበት ይሰምጣል። በላዩ ከአግዳሚው ሥር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠጠር ይነጠፋል፣ ሐዲዱ ከፍ ተደርጎ ጠጠሩ ከሥሩ ይጠቀጠቃል፣ ስፋቱና የሁለቱ ሐዲዶች ከፍታ ይለካል። ጥቂት ሜትር የታጠበበት ቦታ በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል። የድልድይ እግር ከተሸረሸረ ግን የቀናት ጉዳይ ነው፤ ውሃው ሳይጎድል መሠረቱን ማየት ስለማይቻል ለጥገናው ቀን መቁረጥም አይቻልም።

ለቡ ላይ ጠብታ አልወረደም። ድሬዳዋም ፀሐይ ነው አሉኝ። ታዲያ የምን ጎርፍ ነው?

ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፤ ሐዲዱ የሚያልፈው ከሥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 1000 ሜትር ገደማ ነው። ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ መስመሩ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ስለሚሄድ ከተራራው የሚወርዱትን ደረቅ ወንዞች አንድ በአንድ ያቋርጣል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ተራራው ላይ ሌሊት ከዘነበ በደቂቃዎች ውስጥ ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው እንዲሁ ነው። ሰማዩን አይቶ መስመሩን መገመት አይቻልም።

መተሐራ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የበሰቃ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ ስለመጣ የድሮው ሐዲድና አውራ ጎዳናው በተደጋጋሚ ከፍ መደረግ አስፈልጓቸው ነበር። ስለዚህ በአውቶቡስ ከቀጠሉ እዚህ ቦታ ላይ ትራፊክ ቢጨናነቅ አይገረሙ።

ተጠግኗል ከተባለ በኋላ ባቡሩ ለምን ያዘግማል?

አዲስ የተሞላ ጠጠር ገና አልረጋም። የመጀመሪያው የሚያልፈው መንገደኛ የሌለበት ሎኮሞቲቭ ወይም የጥገና ተሽከርካሪ ነው፤ ከዚያ መንገደኛው በዝግታ ያልፋል፣ ጠጠሩ ሲረጋ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ30 ሲሆን 40 ደቂቃ። የሚያጡት 28 ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ቢያጋጥም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ድሬዳዋ የሚቀበልዎትን ሰው ይህንኑ አስበው ይንገሩት።

አሽከርካሪው እንዲፈጥን የሚጎተጉቱ መንገደኞች አሉ። በጥር 1977 ዓ.ም. በድሮው መስመር አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ላይ ገብቶ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። እንዲዘገይ የታዘዘ አሽከርካሪ ይዘግይ።

ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ፣ ኤሌክትሪክም ጠፋ። ምን ላድርግ?

ከፉርጎው አይውረዱ። ሽቦ ተበጥሶ መሬት ላይ ወይም ፉርጎው ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ወድቆም ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል። የወደቀ ሽቦ ካዩ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ ሌላውንም ያርቁ፣ ለሠራተኛ ይናገሩ። መሬቱ እርጥብ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ሽቦውን በዱላ እገፋለሁ የሚል ሰው ካለ ያስቁሙት፤ እርጥብ እንጨት ለ25 ኪሎ ቮልት መከላከያ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ መቋረጡን መጀመሪያ የሚያውቁት ማቀዝቀዣው ሲቆም ነው። መብራቱ በባትሪ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ከአዋሽ በታች እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ፉርጎው ቶሎ ይሞቃል፤ በፀሐይ በኩል ያለውን መጋረጃ ይዝጉ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን በጥላው በኩል ያስቀምጡ፣ በር እንዲከፈት ሠራተኛውን ይጠይቁ እንጂ ራስዎ አይክፈቱ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ይዞ መነሣት የተገባ ነው። ከለቡ ሲነሡ ስለሚበርድ ሁሉም ጃኬት ይይዛል፣ ውሃውን ግን ይረሳል። ለምግብ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፤ ወጥ ያለበት ምሳ ዕቃ በሙቀት ይበላሻል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሁለት ቀን መድኃኒት በእጅ ቦርሳው ይያዝ፤ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይቅበረው።

ውረዱ ከተባሉ ሠራተኛው ባሳየው ጎን ብቻ ይውረዱ። ባለ ሁለት ሐዲዱ ላይ ከሆኑ በሌላው ሐዲድ ባቡር ሊመጣ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ባቡር ድምፁ ሳይሰማ ይደርሳል።

አውቶቡስ ይመጣላችኋል ተባልን። ምን ልጠብቅ?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያነሣ አይሆንም። አንድ ባለ ወንበር ፉርጎ 118 መቀመጫ አለው፤ ባለ 60 መቀመጫ አውቶቡስ ቢመጣ ለአንዱ ፉርጎ ብቻ ሁለት ያስፈልጋል። አቅመ ደካሞች፣ እርጉዞችና ሕፃን ያዘሉ እናቶች በመጀመሪያው እንዲሳፈሩ ፉርጎው ውስጥ ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ በር ላይ ግፊያ ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ የለም።

አውቶቡሱ ከየት ወዴት እንደሚወስድዎ ያረጋግጡ። ከተጎዳው ቦታ ማዶ ሌላ ባቡር ቆሞ ይጠብቃል ወይስ እስከ መጨረሻው በአውቶቡስ ነው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ሐዲዱ በቆላው ሲሄድ አውራ ጎዳናው ወደ አሰበ ተፈሪ ይወጣል፤ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ፣ ደንገጎን ወርዶ ነው ድሬዳዋ የሚገባው። ኩርባና ዳገት ይበዛዋል፣ በክረምት ጉም አለው፣ ከፍታው ላይም ይበርዳል። በመኪና ሲሄድ ራሱን የሚያዞረው ሰው ከፊት ይቀመጥ።

ሻንጣዎን ራስዎ አውርደው፣ ራስዎ ሲጫን ይዩ። ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አንዱን በውጭ፣ አንዱን በውስጥ ያድርጉ፤ የውጪው በዝናብ ይቀደዳል።

ቲኬቴን ምን ላድርገው?

አይስጡ፣ አይቅደዱ፣ ፎቶ ያንሡት። ገንዘብ ይመለሳል፣ ቀን ይቀየራል ወይስ በአውቶቡስ ይቀጥላል የሚለውን በቲኬት መስኮቱ ይጠይቁ፤ መልሱን የሰጠዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። በራስዎ ገንዘብ ሌላ መኪና ከመሳፈርዎ በፊት መጠየቅዎ ግድ ነው። ተሳፍረው ከሄዱ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ «በፈቃድዎ ትተው ሄደዋል» የሚል መልስ ሊያመጣ ይችላል። ጅቡቲ የሚሄዱ ከሆነ የቪዛዎን ቀን አስቀድመው ይዩ።

«በ8 ሰዓት ይነሣል» ተባልኩ። የቱ 8 ሰዓት?

ይጠይቁ፦ በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ 8 ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ በሀበሻ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። መነሻ ሰዓት በተቀየረ ቀን ሰው ባቡር የሚያመልጠው በዚህ ነው።

መጠበቅ ትቼ ከለቡ በራሴ ልሂድ ብል?

አዳማ ድረስ ብቻ ከሆነ ያዋጣል። ከለቡ በሃና ማርያም በኩል ቃሊቲ መናኸሪያ ሄደው የአዳማ መኪና ይይዛሉ፤ መኪናው ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ይገባል። በዝናብ ቀን ግን ከጣቢያው እስከ ዋናው አስፋልት ታክሲ ይጠፋል፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ራይድ ብትጠሩ ይሻላል። ሻንጣ ለያዘ ሰው ጭቃው ቀላል አይደለም።

ድሬዳዋ ከሆነ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሣው በማለዳ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ ከጣቢያ ቢወጡ የዚያን ቀኑ አምልጦዎታል። ያን ጊዜ አዳማ ገብቶ ማደር ለቡ ከማደር ይሻላል፤ በማግስቱ ከመንገዱ የተወሰነውን ጨርሰው ይነሣሉ። ባቡሩ ከአዳማ እንደሚቀጥል ከተነገረዎ ግን የአዳማ ባቡር ጣቢያ ከከተማው መሃል ወጣ ያለ መሆኑን አይርሱ፤ ባጃጅ የሚወስድብዎን ጊዜ ይጨምሩበት።

ፉሪ፣ ከሐዲዱ አጥር አጠገብ ነው የምኖረው። ከእኔ የሚጠበቅ ነገር አለ?

አለ፣ ብዙም አይከብድም። ጣራ እየመቱ ከሆነ ያልተመታውን ቆርቆሮ ሜዳ ላይ ቆልለው አይደሩ፤ በሽቦ አስረው ድንጋይ ይጫኑበት። ማዳበሪያ፣ ሸራና ላስቲክ እንዲሁ። በአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ካለ ቢወድቅ ሽቦው ላይ የሚደርስ መሆኑን በቁመቱ ያስቡ። ወደ ሽቦው ያዘነበለውን ግን ራስዎ አይቁረጡ፤ ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ መቁረጥ ሞት ነው፣ ለጣቢያው ይናገሩ።

ከሐዲዱ ሥር ያለውን የውሃ ቱቦ አፍ ቆሻሻ መድፊያ አያድርጉት፤ ሰኔ ሳይገባ ከጎረቤት ጋር ሆነው አፉን ያዩት። ከዝናብ በኋላ ቱቦው በአንድ ጎን ውሃ አቁሮ በሌላው ጎን ምንም የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም ከሐዲዱ ሥር ጠጠር ወርዶ ባዶ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ያሳውቁ። ሲያሳውቁ ቦታውን በሰፈር ስም ብቻ አይንገሩ። በመስመሩ ዳር ያሉት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ሆነው የቅርቡን ምሰሶ ቁጥር አንብበው ይንገሩ። ጥገና የሚመጣው ሰው ያን ቁጥር ይዞ በሌሊትም ቦታውን ያገኘዋል።